የነሐሴ እረፍት፣ የቡሄ ሙልሙል እና አምስት ልጆች በአንድ ቤት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ተከታይዋ 7፣ ትንሿ ደግሞ 4። ከነሐሴ 3 ጀምሮ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። የእህቴ ሁለት ወንዶች ልጆች (10 እና 8 ዓመት) ከአዲስ አበባ መጥተው ቡሄን ከእኛ ጋር ያሳልፋሉ። ባለፈው ዓመትም መጥተው ነበር። በየቀኑ አንድ ቦታ ስወስዳቸው ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ እነሱ ተጣሉ፣ እኔም ታምሜ ተኛሁ። ዘንድሮ ሙልሙሉን አብረን እንድንጋግር፣ ጓደኞቻቸውም ቤት እንዲመጡ፣ ከተማውንም እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ‹ተዪያቸው፣ ይረፉበት› ይላል። ዝናቡ አለ፣ ጾሙ አለ። ትልቁ ልጄ ሆያ ሆዬ ካልሄድኩ እያለ ነው። አምና የእህቴ ልጆች ሲመለሱ ትንሿ ስታለቅስ ሳምንት ሞላት። እንዴት ላድርገው?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እኔ የልጆችና የቤተሰብ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። የምሠራውም እዚሁ ጎንደር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እንዳንቺ ያለ ጥያቄ ይበዛል። እረፍት ተብሎ እናቶች ከሥራ ቀናቸው በላይ ደክመው ሲጨርሱት አያለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ዘንድሮ ልጆቹን ለማዝናናት አትሩጪ። በዓሉን ከአንቺ ጋር ያዘጋጁት። አምና የደከምሽው ብዙ ስለወጣችሁ ብቻ አይመስለኝም። ያሰብሽው አንቺ፣ ያዘጋጀሽው አንቺ፣ የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። ልጆቹ ተከታይ ነበሩ። ተከታይ ብቻ የሆነ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። የሰለቸ ልጅ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይነካካል። ጠቡ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ባርባራ ሮጎፍ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። ጓቲማላ ውስጥ በሚኖር የማያ ማኅበረሰብ ዘንድ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ለረጅም ዓመታት አጥንታለች። እዚያ ልጆች ከአዋቂው ሥራ አይገለሉም። አጠገብ ሆነው ያያሉ፣ ቀስ ብለው እጃቸውን ያስገባሉ፣ ሥራው የእነሱም ይሆናል። እኛም ቤት ይህ የነበረ ነው። ቄጠማ የምትጎዘጉዝ፣ ስኒ የምታቀርብ፣ ለጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብላ የምትጠራ ልጅ በዓሉን ከአዋቂው እኩል ታውቀዋለች። የከተማ ኑሮ ሲጣደፍ ግን «ወደዚያ ሂዱ፣ አታስቸግሩኝ» ማለት ለመድን። ለሁለት ሳምንት ብቻ ይህን ገልብጪው።

ባለቤትሽ ያለውን አትናቂው። ግማሹ ልክ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የ4 ዓመት ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎድለው ይሄ ነው። አምስቱም አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሲሳሳቁ ያመሻሉ፣ በማግስቱ ሁሉም ይነጫነጫል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች ተያቸው፣ ናፍቆታቸውን ይወጡ። ከዚያ በኋላ ግን መብራቱ በሰዓቱ ይጥፋ። ትንሿ ከአንቺ ጋር ወይም ከትልልቆቹ ተለይታ ትተኛ። ግማሹ ልክ አይደለም ያልኩት ደግሞ፣ ልጅ ዝም ብሎ በመቀመጥ አያርፍም። ከ5 ዓመት በላይ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ሶፋ ላይ ስልክ ይዞ የዋለ ልጅ አላረፈም።

እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ነገር አድርጊ። እኛ ዘንድ የእንግዳ ክብር ትልቅ ነው። ስለዚህ የቤቱ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ተው፣ እንግዳ ነው፣ ስጠው» የሚል ነው። ኳሱን ስጠው፣ ወንበሩን ልቀቅለት፣ ብስክሌቱን አስነዳው። ለሁለት ቀን ይችለዋል። በሦስተኛው ቀን በትንሽ ነገር ይፈነዳል፤ እኛም «ምን ነካው?» እንላለን። ስለዚህ ሦስቱም ልጆችሽ ለማንም የማይሰጧቸውን ሁለት ሁለት ነገሮች ይምረጡና ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባቸው። ትንሿ አሻንጉሊቷን ታስቀምጥ። የቀረው የጋራ ነው። ይህን አስቀድመው ካወቁ መስጠቱ ብዙም አይከብዳቸውም።

ደግሞ ቁጥሩን ተመልከቺ። የ11 እና የ10 ዓመቶቹ ይጣመራሉ። የ7 እና የ8ቶቹም እንዲሁ። ትንሿ ብቻዋን ትቀራለች። ያኔ ሥራዋ ማልቀስና ስሞታ መናገር ይሆናል። ስለዚህ ጓደኛ ስትጠሩ መጀመሪያ ለእሷ ጥሪላት። የጎረቤት እኩያዋ በሁለት ቀን አንዴ ጠዋት ብትመጣ የቤቱ ሰላም በእጅጉ ይለወጣል።

አሁን ወደ መውጣቱ ልምጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ከወጣችሁ ይበቃል። በመሃል ቢያንስ አንድ የቤት ቀን ይኑር። የነሐሴ ዝናብ እዚህ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወጥታችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ቤት ግቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ካልሲ ያዢ። ካልሲው የራሰበት ልጅ ታሪክ አይሰማም።

ፋሲል ግቢን በመጀመሪያው ሳምንት አድርጊው። ትልቁ ልጅሽ አስጎብኚ ይሁን። ከአንድ ቀን በፊት ንገሪው። ሁሉንም ነገር እንዲያውቅ አትጠብቂ፤ ሦስት ቦታ ይምረጥና ስለ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይዘጋጅ። አፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. መንገሣቸውን፣ ከተማዋንም መናገሻ ያደረጉት እሳቸው መሆናቸውን ይናገር። ትልቁ ግንብ ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች እንዳሉት ያሳያቸው። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ላይ ጣሪያው የት እንደሄደ ይጠይቃቸው። ያ ግንብ በ1934 ዓ.ም. ጣሊያን ከጎንደር በተባረረበት ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ እንደተጎዳ ሲሰሙ፣ የ10 ዓመት ልጅ ዐይኑ እንዴት እንደሚበራ ታያለሽ። ለትንንሾቹ የአንበሶቹ ቤት ይበቃል። ግቢውን የከበበው አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው፤ ለ4 ዓመት እግርም የሚቻል ነው። ሁሉንም ሕንፃ ለማየት ግን አትሞክሩ። ሦስት አይታችሁ ሣሩ ላይ ተቀመጡና ዳቦ ብሉ።

ይህን ቦታ መጀመሪያ ያልኩሽ በምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ልጆች ሲመጡ የጎንደሮቹ አንዳንዴ የማነስ ስሜት ይሰማቸዋል። የእነሱ ስልክ፣ የእነሱ ትምህርት ቤት፣ የእነሱ መዝናኛ ይወራል። ልጅሽ በከተማው ቆሞ ለዘመዶቹ ታሪክ ሲያስረዳ ሚዛኑ ይስተካከላል። እግረ መንገዱን ጠቡም ይቀንሳል።

የፋሲል መዋኛን ለትንሿ ስትይ ውሰጃቸው። ገንዳው ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተስቦ ስለሆነ አሁን ያንን ትዕይንት አያገኙም። ግን የዛፎቹን ሥር ይዩ። ድንጋዩን አጥር አቅፈው፣ ግንቡን ሰንጥቀው ወርደዋል። ልጆች ከሕንፃው ይልቅ እሱን ይወዱታል። እርሳስና ወረቀት ስጫቸው፣ አንዱን ሥር መርጠው ይሳሉ። ሜዳውም ለሩጫ ይመቻል። ድንጋዩ በክረምት ያንሸራትታል፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ የትንሿ እጅ ከእጅሽ አይለይ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ ልጆቹ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ይቁጠሩ። ከመቶ በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ የተለያየ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ክርክሩ እስከ ቤት ይደርሳል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተረፈ፣ ንቦች ወጥተው እንደመለሷቸው የሚነገረውን ታሪክ እዚያው ቆማችሁ አውሪላቸው። ወቅቱ ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴና ጸሎት ይበዛል። የመግቢያ ሰዓቱን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የልጆቹንም አለባበስ አስተካክዪ።

አራተኛው ቁስቋም ነው። ዳገት ስላለው የሚወጣው ጉልበት ለበዛባቸው ለትልልቆቹ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለ፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት አለ። ይህን ቀን ለአባታቸው ስጪው። አባት አራቱን ይዞ ሲወጣ አንቺና ትንሿ ቤት ቅሩ። እሱም «ይረፉበት» ያለውን በእግሩ ይሞክረው፤ ልጆቹም ከአባታቸው ጋር የራሳቸው ወሬ ይኖራቸዋል።

ከከተማ ውጭ ያለውን የኮሶዬን ከፍታ ብዙ ሰው ይመክርሻል። እኔ ለነሐሴ አልመክረውም። ጉም ይሸፍነዋል፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነጭ ነገር አይተው ይመለሳሉ። ለጥቅምት አቆዪው። ከከተማ ውጭ የሚደረግ ማንኛውም ጉዞ የመንገዱ ሰላም በዚያው ቀን ተጠይቆ ይሁን። ቀሃም፣ አንገረብም፣ ሽንታም በዚህ ወር ሞልተው ስለሚወርዱ ልጆች ለጨዋታ ወደ ወንዝ ዳር አይሂዱ።

ገበያን ደግሞ እንደ ሽርሽር ቁጠሪው። ቅዳሜ ገበያ ሁለቱን ብቻ ይዘሽ ውጪ፤ የ7 ዓመቷንና የ8 ዓመቱን። ዱቄትና ጥቁር አዝሙድ የሚገዙት እነሱ ይሁኑ። ዋጋ ይጠይቁ፣ ይከራከሩ፣ መልሱን ቆጥረው ይቀበሉ። አምስቱንም ይዘሽ ገበያ አትውጪ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል ደረስኩ፤ ወደ ሙልሙሉ።

ሁለት ጊዜ ጋግሩ። አንዴ ነሐሴ 6 አካባቢ ለልምምድ፣ አንዴ ለቡሄ ዋዜማ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ፣ በዋዜማው ቀን ጥድፊያ ስላለ ልጅን ማስተማር ስለማይቻል ነው። ያን ቀን ሊጡ ሲበላሽ ትቆጪያለሽ፣ ልጁም ደግሞ ወደ ማድ ቤት አይመጣም። ልምምድ ላይ ከሆነ ግን ቢያርም፣ ቢደርቅም፣ ቅርፁ ቢጠምም ይበላል።

ለልምምዱ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ለብ ያለ ውኃ ከግማሽ ሊትር ትንሽ በለጥ አድርጊ፤ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ይዘሽ ግን ሁሉንም በአንዴ አታፍስሺው፤ ዱቄት ከዱቄት ይለያያል። ጾም ስለሆነ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም፤ ሙልሙል አያስፈልገውምም። ይህ ሊጥ መቶ ግራም መቶ ግራም ቢከፈል 16 ያህል ሙልሙል ይወጣዋል።

ሥራውን በዕድሜ አካፍዪው። ትልቁ ያቡካ፤ ማቡካት ጉልበት ይፈልጋል፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ማድ ቤት ሲገባ «የሴት ሥራ» የሚለው ሰው ካለ ሰውየውን ዝም ለማሰኘት አትድከሚ፣ ለልጅሽ ሥራውን ስጪው፤ ሲጋግር ያዩት ሁሉ ይለምዱታል። የ10 ዓመቱ ሰዓት ይያዝና ይመዝግብ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቦካ፣ ስንት ሰዓት ላይ ኩፍ እንዳለ፣ ምን ያህል ውኃ እንደገባ። ለዋዜማው ሦስት ኪሎ ስታደርጉ ሁሉን በሦስት የሚያባዛው እሱ ነው። የ7 እና የ8 ዓመቶቹ ይለኩ፣ ይክፈሉ፣ ያድቦልቡሉ፣ ቅርፅ ያውጡ። ትንሿ ጥቁር አዝሙዱን ትበትን። የራሷን አንድ ሙልሙልም ትሥራ፤ ጠማማ ቢሆንም ማንም አያስተካክልባት። ሲጋገርም ምልክት አድርጉበትና ለእሷው ስጧት። ጥሬ ሊጥ ግን እንዳትቀምስ ተከታተያት፤ ሆድ ያማል።

እሳቱ የአዋቂ ነው። ሁሉም ልጆች ከምጣዱ አንድ ትልቅ እርምጃ ይራቁ። ወለሉ ላይ በከሰል ወይም በጨርቅ መስመር አስምሩ፤ «አትጠጉ» ከሚል ቃል ይልቅ የሚታይ መስመር ይሻላል። አክምባሎውን የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ጀርባውን ወደ ፊትሽ አድርገሽ፣ እንፋሎቱ በወዲያኛው በኩል ይውጣ። ልጆችን የሚያቃጥለው ነበልባል ብቻ አይደለም፤ እንፋሎትና የጋለ ብረትም ነው።

ስለ ኩፍታው ልጆቹን ሰዓት እንዲያዩ ሳይሆን ሊጡን እንዲያዩ አስተምሪያቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ከቆላው ቶሎ ይነሣል። የነሐሴ ብርድ ደግሞ ወደኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ አንድ ቀን በአንድ ሰዓት፣ ሌላ ቀን በሁለት ሰዓት ተኩል ሊደርስ ይችላል። መጠኑ እጥፍ ሲሆን የ8 ዓመቱ ጣቱን ቀስ ብሎ ይጫንበት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ አልደረሰም። ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ ከተመለሰ ደርሷል። ተደብድቦ እንደገና ትንሽ ሲነሣ ወደ ምጣድ። የበሰለ ሙልሙል ታቹ ሲኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ለማንኳኳት ሁሉም ይሻማሉ፤ ተራ አውጪላቸው።

መጠበቁ ትልቁ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬ ልጅ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ነክቶ ወዲያው ያገኛል። ሊጥ ግን አይታዘዝም። በጠበቁበት ጊዜ ውስጥ ጨዋታ አዘጋጂ። ገበጣ ካላችሁ ገበጣ፤ ከሌለ የእንቁላል መያዣ ካርቶንና ባቄላ ይሆናል። ዝናብ ካቆመ ሰኞ ማክሰኞ፣ ካላቆመ እንቆቅልሽ። ትልልቆቹ ለትንንሾቹ አገር ሲሰጡ ማየት ደስ ይላል።

መብራት ሊጠፋ፣ ውኃም ሊቋረጥ ስለሚችል በዋዜማው ከሰል ይኑር፣ ጀሪካኖቹም ከአንድ ቀን በፊት ይሞሉ። ውኃ መሙላቱንም ለልጆች ስጪ።

ቡሄን ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ዳቦው ቤት ውስጥ የማይቀር መሆኑ ነው። እንደሚነገረው፣ በደብረ ታቦር ተራራ ብርሃን በታየ ጊዜ እረኞች መምሸቱን አላወቁም ነበር፤ ቤተሰቦቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው። ሙልሙሉም ችቦውም የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ነሐሴ 12 ማታ ከችቦው በፊት አውሪላቸው። ከዚያ ዳቦውን የሚያከፋፍሉት እነሱ ይሁኑ። የክርስትና ልጅ ካለሽ ለእሱ፣ ለጎረቤት አዛውንት፣ ለጓደኞቻቸው ቤት። በር ላይ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ሲመጡም በሩን የሚከፍቱትና ሙልሙል የሚሰጡት ልጆችሽ ይሁኑ። ራሳቸው ያቦኩትን ለእኩያቸው የሰጡ ልጆች ፊት ላይ የሚታየውን ነገር በሌላ መንገድ አላየሁትም።

ትልቁ ሆያ ሆዬ ልሂድ ማለቱ ተገቢ ነው። ይሂድ። ግን ጊዜው እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጅን ዝም ብሎ መልቀቅ አይገባም። የሚሄዱት ስንት ልጆች እንደሆኑ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ እወቂ። የሚዞሩት በምታውቋቸው ቤቶች ብቻ ይሁን፣ ከመምሸቱ በፊት ይመለሱ። አንድ አዋቂ ትንሽ ራቅ ብሎ ይከተላቸው። እዚህ ላይ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ተነጋገሪ፤ ተራ በተራ ብትከተሉ ለማንም አይከብድም። ማንም ቤት ውስጥ ግቡ ቢላቸው በር ላይ ይቁሙ። ያገኙትን ገንዘብ እንዴት እንደሚካፈሉ ከመውጣታቸው በፊት ይስማሙ፤ የቡሄ ጠብ ሁልጊዜ በክፍያው ላይ ነው። ጅራፍ የሚያጮሁ ከሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት ይሁን፤ ጫፉ ዐይን ያጠፋል። ችቦ ሲበራ ትንሿ ከጥጥ የተሠራ ልብስ ትልበስ። ናይለን እሳት ሲነካው ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ጾሙን በተመለከተ። ፍልሰታን ብዙ ልጆች ይወዱታል። ሰዓት መጠበቁን ለየትኛው ልጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። በእኔ በኩል የምለው ሰውነታቸውን ነው። ሰዓት የሚጠብቅ ልጅ በዚያው ቀን ዳገት አይውጣ፤ ፋሲል ግቢም ቁስቋምም በልተው የሚሄዱበት ቀን ይሁን። የሚጾሙበት ቀን የቤት ቀን ነው። ሲበሉ ደግሞ ምግቡ ይክበድ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ለውዝ። የ7 ዓመቷ ራሴን አዞረኝ ካለች ቀኑ አብቅቷል፣ ትብላ። አንዱ ልጅ ስላልጾመ በሌላው እንዳይሾፍበት ተከታተይ። ይህ በዘመድ ልጆች መካከል ይከሰታል፤ ቁስሉም ይቆያል።

ጓደኞች የሚመጡበትን ቀን አንድ አድርጊው። አምስት ልጆች ካሉሽ አምስት ጓደኛ ብትጨምሪ አሥር ይሆናሉ። ይቻላል፣ ግን ለአንድ ከሰዓት ብቻ፤ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። የሚያበቃበትን ሰዓት ለወላጆቻቸው ስትጠሪ ንገሪያቸው፤ ነውር የለውም። ለዚያ ቀን ዳቦ ቆሎ ይሥሩ። ሊጡን በጣት ማድቦልቦልና መቆራረጥ ለትንንሽ ጣቶች መልካም ልምምድ ነው፤ አስቀድሞ ስለሚሠራም በዕለቱ ማድ ቤት አትቆሚም። ለ4 ዓመቷና ለእኩያዋ ግን ደረቁን ዳቦ ቆሎ አትስጪ። ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሲሮጡ ደግሞ ይብሳል። ለእነሱ ለስላሳ ዳቦ ይሁን። ተራ የሚጠብቁበት ጨዋታ አንድ ብቻ አዘጋጂ፤ የቀረውን ለራሳቸው ተዪላቸው። ድብብቆሽ ማንም ሳያዘጋጀው ይጀመራል። በጠቡም ቶሎ አትግቢ። ካልተማቱ፣ ካልተሰዳደቡ፣ ትንሽ ጠብቂ። ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሕግ አውጥተው ይቀጥላሉ።

ስልክና ቴሌቪዥንን ጨርሶ አትከልክዪ። ከሰዓት ዝናብ ሲወርድ አንድ ፊልም አብሮ ማየት ምንም አይደለም። ለትንሿ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። ለትልልቆቹ ደግሞ ጠዋት ስልክ አይከፈት። ጠዋቱን ስልክ ከወሰደው የቀኑ ሐሳብ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህ ደንብ ለአዲስ አበባዎቹም እኩል ይሠራል። ከመምጣታቸው በፊት ለእህትሽ ደውለሽ ተስማሙበት፤ አክስት ብቻዋን ስትከለክል ክፉ ትመስላለች።

የትንሿን ለቅሶ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበሽ እሱ ይመስለኛል። የ4 ዓመት ልጅ «ሐሙስ ይሄዳሉ» ሲባል ሐሙስ መቼ እንደሆነ አያውቅም። ለእሷ በድንገት ነው የሄዱት። ስለዚህ እንግዶቹ በመጡ ቀን የቀኖቹን ያህል ትናንሽ ክቦች ወረቀት ላይ ሣይላት፤ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት አንዱን ታቅልም። ሦስት ሲቀሩ ንገሪያት፤ አንድ ሲቀርም። በመጨረሻው ቀን ለመንገዳቸው የሚሆን ዳቦ እሷ ትቋጥርላቸው። ሸኝታችሁ ስትመለሱ ታልቅስ፤ «ዝም በይ፣ ትልቅ ልጅ ነሽ» አትበያት። «ናፈቁሽ አይደል?» በያትና አጠገቧ ተቀመጪ። አምና የነበረው ልቅሶ የረዘመው ሁሉም ሰው ሊያስተዋት ስለሞከረ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን ከእህትሽ ልጆች ጋር በስልክ ይነጋገሩ፤ በመጀመሪያው ቀን አይሁን፣ ቁስሉን ይነካካል። በዚያው ሳምንት የጎረቤት ጓደኛዋ ሁለት ጊዜ ትምጣ። ከሁለት ሳምንት በላይ ካለቀሰች፣ መብላት ካቆመች ወይም ሌሊት በፍርሃት ከነቃች ወደ ባለሙያ ይዘሻት ሂጂ። ካልሆነ ግን የወደደቻቸው ልጆች ሄደውባት ነው፤ ታልቅስ።